መልኳን ዘፍነናል፤ ቃሏንስ ማን ሰማ?

ከአንዲት ሠልጣኝ መምህርት

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይላል የአገራችን ሰው። ውድ የግድግዳ ጋዜጣችን አንባቢያን፣ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ከዚሁ አባባል ጋር የተያያዘ ነው። ይኸውም ሙስሊም ሴት በዘፈናችን፣ በድራማችን፣ በቴሌቪዥናችንና በመማሪያ ክፍላችን ውስጥ እንዴት ሆና እንደምትቀርብ ነው። አንዳንዱ አንባቢ «ይኼ ደግሞ ከየት መጣ? እኛ ወሎዬዎች ተዋልደን፣ ተከባብረን የምንኖር ሕዝብ አይደለንም ወይ?» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ነን። እኔም ከዚያው ሕዝብ መካከል የወጣሁ ነኝ። ነገር ግን አብሮ መኖር አንድ ነገር ነው፤ አብሮን የሚኖረውን ሰው በትክክል አይቶ ለሌላው ማሳየት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እስኪ በትዕግሥት አንብቡኝና ከተሳሳትኩ አርሙኝ።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ለወላጆች ቀን የሚቀርብ ድራማ ይዘጋጅ ነበር። የትኛው ት/ቤት እንደሆነ መናገሩ ለጉዳዩ አይጠቅምም። የድራማው መልእክት ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚቃወም ነው። በድራማው ውስጥ ልጇን ከትምህርት አስቀርታ ለመዳር የምትሯሯጥ እናት ነበረች፤ ስሟም ወ/ሮ ዘይነባ ይባላል። ክፍሉ ለእኔ ተሰጠኝ። ለምን እኔን እንደመረጡኝ ብጠይቅ «አንቺማ ልብስ መቀየር እንኳ አያስፈልግሽም» ተባልሁ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ንግግሩን ሳጠና ግን አንድ ነገር ታዘብኩ። ዘይነባ አፏን በከፈተች ቁጥር «ወላሂ» ትላለች። በሦስት ገጽ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ቆጠርኩ። ከመማል፣ ቡና ከመቅዳትና ከመጮህ በቀር ሥራ የላትም። ለምን ልጇን መዳር እንደፈለገች፣ ምን እንደቸገራት፣ ማንን እንደፈራች የሚናገር አንድ መስመር አልተሰጣትም። ልጅቷን በመጨረሻ የሚያድናት መምህሩ ነው።

በዕለቱ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም በጭብጨባው ተደስቼ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። እናቴ ከኋላው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ከከላላ በኩል ካለው ቀበሌያችን ተነሥታ፣ ገና ሳይነጋ መንገድ ጀምራ ነው የደረሰችው። እንቁላልና ቅቤ እየሸጠች፣ የቤት ኪራዬንና የደብተሬን ዋጋ እየላከች ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከአዳራሹ ወጥተን ስንሄድ ብዙ አልተናገረችም። ጥቂት ከተራመድን በኋላ ብቻ ዘወር ብላ፣ «ልጄ፣ እኔ እንደዚያ ነው እንዴ የምናገረው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ጊዜ መመለስ ያቃተኝን ዛሬ ለመመለስ ነው።

ልብ በሉ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ በአካባቢያችን የለም አላልኩም። አለ። በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት አለ። መታገልም አለብን። ነገር ግን በእኛ ቤት የሆነው ሌላ ነው። ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እያለሁ ሽማግሌ በተላከ ጊዜ፣ የአባቴ ወገኖች እሺ ሊሉ ሲዳዱ «መጀመሪያ ትማር፤ ከዚያ ራሷ ትናገራለች» ብላ ነገሩን ያስቀረችው ይህችው እናቴ ናት። እንግዲህ ያ ድራማ የእናቴን ልብስ ለጥፋተኛዋ አልብሶ፣ የእናቴን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጠ ማለት ነው። ያስቆጨኝም ይኸው ነው።

ከዚያ ጊዜ ወዲህ ነገሩን ልብ ብዬ መከታተል ጀመርኩ። እንደእኔ አስተያየት የሙስሊም ሴት ምስል በአብዛኛው በሦስት ዓይነት መልክ ብቻ ይቀርባል፤ ወይ ቆንጆ ናት፣ ወይ መሳቂያ ናት፣ ወይም የሚታዘንላት ናት። በሦስቱም ውስጥ የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ እሱም የራሷ ቃል።

በመጀመሪያ ቆንጆዋን እንመልከት። ወሎ የዜማ አገር መሆኑን ማንም አይክድም። አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከእኛው ምድር ነው። ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፃዊትም ወሎ አፍርቷል። በዚህ እኮራለሁ። ዳሩ ግን ስለ ወሎ ሴት የሚዘፈነውን ስንሰማ፣ ፋጡማም ትሁን ዘይነባ ወይም ዘምዘም፣ የሚነገረው ስለ ዓይኗ፣ ስለ አንገቷ፣ ስለ ጥርሷ ነው። አፍቃሪው ያለቅሳል፣ ይለምናል፣ ይሳላል። እሷ ግን አትመልስም። «የወሎ ቆንጆ» ተብላ ትቆማለች፤ እንጨት ለቅማ፣ ውኃ ቀድታ፣ ገብስ አጭዳ፣ ገበያ ውላ፣ ልጅ አስተምራ የምትኖረው ሴት ከዘፈኑ ውጭ ናት። «ታዲያ መወደስ ምን ነውር አለው?» የሚለኝ ይኖራል። ነውር የለውም። ችግሩ ውዳሴው ብቻውን ሲቀር ነው። ዓይኗን ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ ሐሳብ አላት ብሎ አይጠብቅም።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። በ1985 እ.ኤ.አ. ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት፣ በፓኪስታን በስደተኞች ሠፈር የተነሣች የአንዲት አፍጋናዊት ልጅ ፎቶግራፍ በሽፋኑ ላይ አወጣ። አረንጓዴ ዓይኖቿን ዓለም ሁሉ አወቃቸው። ስሟን ግን የሚያውቅ አልነበረም። ሻርባት ጉላ መባሏ የታወቀው ተፈልጋ በተገኘች ጊዜ በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ፊቷ በየግድግዳው ተሰቅሎ፣ ስምሽ ማን ነው ያላት የለም። እንግዲህ በፔሻዋርም ሆነ በወሎ፣ መልክ ከሰውዬዋ ተነጥሎ የሚሄድበት መንገድ አንድ ዓይነት ነው።

ሁለተኛዋ መሳቂያዋ ናት። የእሷን ነገር ከላይ በዘይነባ ስለተናገርኩ አላረዝመውም። ሻሽ ማሰርና «ወላሂ» ማለት ጠባይ አይደለም። አንድ ጸሐፊ ለገጸ ባሕርይው ጠባይ መስጠት ሲያቅተው ልብስ ይሰጣታል፤ ልብሷም በእሷ ፈንታ ይናገርላታል። በከተማችን ቪዲዮ ቤቶች ካየኋቸው ፊልሞች ውስጥም ሻሽ ያሰረችው ሴት አንድም ሱቅ ውስጥ ቆማ ሒሳብ ትጠይቃለች፣ አንድም ለዋናዋ ተዋናይት ጎረቤት ሆና ብቅ ትልና ትጠፋለች። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ዳኛ፣ መምህርት ሆና ያየሁባቸውን በአንድ እጄ ጣት ብቆጥር ይተርፈኛል። በሕይወት ግን እዚሁ አብራችሁኝ የምትማሩ እኅቶቼ አላችሁ አይደል? እናንተስ ለምን ፊልሙ ውስጥ የላችሁም?

ሦስተኛዋ የሚታዘንላት ናት። እዚህ ላይ ዜናውን እንውሰድ። በኅዳር 2006 ዓ.ም. የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ማባረር ሲጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከወሎ ቤት ይህ ያልነካው ጥቂት ነው። በዚያን ጊዜም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ ከዓረብ አገር የምትመለስ እኅታችን በቴሌቪዥን ስትታይ ፌስታል ይዛ፣ ራሷን ተከናንባ፣ እያለቀሰች ነው። ልቅሶዋ እውነት ነው። ነገር ግን ያቺው ልጅ የወንድሟን የትምህርት ወጪ የቻለች፣ የአባቷን ቤት በቆርቆሮ የከደነች፣ ዓረብኛ የለመደች፣ በሰው አገር ብቻዋን ተከራክራ ደመወዟን ያስከፈለች ልትሆን ትችላለች። ያንን የሚጠይቃት የለም። እንባዋ ይቀረጻል፤ ከዚያ ካሜራው ይዘጋል።

ሌላም ቅርብ ምሳሌ አለ። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ሒጃብ የሚለብሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታና ከብሔራዊ ፈተና ምዝገባ በመከልከላቸው ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት የተማሪዎቹን ቁጥር 159 ብሎ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ በጥር ወር በመቀሌ ሰላማዊ ሰልፍ ተደርጎበታል። በእኛ ማደሪያም ሌሊቱን ስንከራከርበት አምሽተናል። እኔ ያዳመጥኳቸውን ውይይቶች ግን አስታውሱ፤ ባለሥልጣኑ ተናገረ፣ የሃይማኖት አባቱ ተናገረ፣ የሕግ አዋቂው ተናገረ። የሒሳብ ፈተና ሊያመልጣት የነበረችው ልጅስ? ስለ ሻሿ ብዙ ሰማን፤ ስለ ሒሳቧ ግን የጠየቀ አልገጠመኝም። አንድ ሰው ይህን ክልከላ ይደግፍም ይቃወምም፣ ልጅቷን ሳይሰማ መፍረዱ ትክክል አይደለም እላለሁ። እኔ ራሴ የምቃወመው መሆኑን አልደብቅም፤ መማር የመጣ ሰው ከትምህርት በር መመለስ የለበትም።

የስም ነገር ቀላል የሚመስለው ካለ ታሪክ ይመልስለት። በንጉሡ ዘመን የእኛ እናቶችና አባቶች «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ተብለው ይጠሩ ነበር፤ ልክ እንደ እንግዳ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ላይ፣ ክርስቲያን ወንድሞችና እኅቶችም በተሰለፉበት፣ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንባል» የሚል ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የአገር በዓል ሆኑ። ስለዚህ ዛሬ በዓሉ በቴሌቪዥን ይታያል። ይታያል፤ ነገር ግን ሴቶቹ ከሩቅ፣ በጅምላ ነው የሚታዩት። ማይክሮፎኑ የሚዞረው ወደ ወንዶቹ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የገዛ አገራችን ታሪክ ነው። መቅደላ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ያልተማረ፣ ድራማ ያላየ ተማሪ በመካከላችን የለም። የንጉሡን ሚስቶች ተዋበችንና ጥሩወርቅን ሁላችንም በስም እናውቃለን። እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ወይዘሮ ወርቂትን የምታውቁ ስንት ናችሁ? በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ እስር ባመለጡ ጊዜ ተቀብለው በግዛታቸው ወደ ሸዋ ያሳለፏቸው እኒህ የወረ ሂመኖ ሙስሊም ገዢ ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስም ተቆጥተው በመቅደላ ይዘውት የነበረውን ልጃቸውን ገደሉባቸው። አንዲት እናት ለወሰደችው የመንግሥት ውሳኔ የከፈለችው ዋጋ ይህን ያህል ነበር። ተቀናቃኛቸው ወይዘሮ መስተዋት ደግሞ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በመጣ ጊዜ ከጄኔራል ናፒየር ጋር ይላላኩ የነበሩ የወሎ ገዢ ናቸው። ሁለት ሙስሊም ሴቶች፣ እዚሁ ጎናችን፣ ጦርና ግዛት ይዘው ከነገሥታት ጋር ይነጋገሩ ነበር። የኋላው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ መርጦ ያስቀረልን ዓይንና አንገቱን ነው።

በቅርቡም ቢሆን ኑሮው ከምስሉ ቀድሞ ሄዷል። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሎምፒክ በማራቶን ወርቅ ያገኘችው የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ፋጡማ ሮባ ናት። በ2010 ዓ.ም. ወ/ሮ ሙፈሪያት ካሚል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሆኑ፤ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የሰላም ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ፣ በዚያው ዕለት ወ/ሮ አይሻ መሐመድ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። ሻሽ እንደታሰረ መከላከያን መምራት ከተቻለ፣ ሻሽ ያሰረች ገጸ ባሕርይ በድራማ ውስጥ ቢያንስ የቀበሌ ስብሰባ ብትመራ ምን ይላታል?

አሁን ደግሞ ወደ ግለ ሂስ ልግባ፤ ጥፋቱን ሁሉ በሌላው ላይ ጭኜ ብሄድ ደግ አይሆንም። እኛ ሙስሊሞች ራሳችን ከዚህ ነጻ አይደለንም። በብዙ ቤተሰብ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ነው ይባላል። ካልወጣን ደግሞ ሌላው ሰው እኛን ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ «አበላሹን» ብለን እናዝናለን። በስብከታችንም ቢላልን ሕፃን አዋቂው ያውቀዋል። ነቢዩን እናታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደገቻቸው እሙ አይመን፣ በረካ፣ ሐበሻ መሆኗን የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው? ሴቷ የምትነሣው ብዙ ጊዜ ስትመከርና ስትገሠጽ ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሏን የነሣናት እኛም ጭምር ነን።

ሌላው ደግሞ ፍርሃት ነው። አንዳንድ ክርስቲያን ጓደኞቼ «እንዳናስቀይማችሁ ብለን ነው የማንጽፈው» ይሉኛል። አሳባቸው ቅን ነው፤ ግን መፍትሔ አይደለም። ዝም ማለትም ማጥፋት ነው። መጠየቅ ሲቻል ለምን ይፈራል? የጎረቤቶቼን ልማድ እናንተው ታውቁታላችሁ። እናቶቻችን በዱበርቲ ተሰብስበው ቡና አፍልተው ዱዓ ሲያደርጉ ለታመመው፣ ለመንገደኛው፣ ለዝናቡ ይለምናሉ። ክርስቲያኗ ጎረቤትም «እኔንም አስቡኝ» ብላ ትልካለች። በዚያ ቦታ ሴቶቹ ይናገራሉ፣ ይመርቃሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። ቃል አጥተው አያውቁም። እኛ ነን መቅጃችንን ወደዚያ ያላዞርነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እጩ መምህራንን ምን አገባን? በጣም ያገባናል። ነገ ከነገ ወዲያ ወደ ቦረና፣ ከላላ፣ ወግዲ፣ ለጋምቦና ሳይንት ት/ቤቶች ለልምምድ እንወጣለን። በብዙ ክፍል ውስጥ ግማሹ ልጅ የዘይነባ ልጅ ነው። መርጃ መሣሪያ የምንሥለው እኛ፣ ድራማ የምናዘጋጀው እኛ፣ የሚኒ ሚዲያ ዜና የምንጽፈው እኛ ነን። ከአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች በፊት ልጁ የሚያየው የእኛን ሥዕል ነው። በሥዕላችን ላይ እናቱ ከተሣቀባት፣ ልጁ አንድም በእናቱ ያፍራል፣ አንድም በእኛ ያዝናል። ሁለቱም ሲሆኑ ትምህርት አይገባም።

ስለዚህ የሚከተለውን ለውይይት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የድራማ ክበባችን ለሙስሊም ሴት ገጸ ባሕርይ ክፍል ሲሰጥ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ሥራዋ ምንድን ነው? ምን ትፈልጋለች? በድራማው ውስጥ የምትወስነው ነገር አለ ወይ? እነዚህ ካልተመለሱ «ወላሂ» ብቻውን ሰው አያደርጋትም። ጥፋተኛም ትሁን፤ ጥፋተኛ መሆን መብቷ ነው፤ ግን ምክንያት ያላት ጥፋተኛ ትሁን።

ሁለተኛ፣ መርጃ መሣሪያ ስንሠራ «ቤተሰብ» የሚለውን ሥዕል ብቻ ሳይሆን «መምህርት»፣ «ነርስ»፣ «ገበሬ» የሚሉትንም ሻሽ ባሰረች ሴት እንሣል። ሁልጊዜ ሳይሆን አንዳንዴ፤ በክፍላችን እንዳለው መጠን።

ሦስተኛ፣ የመቅደላን ታሪክ ስናስተምር ወይዘሮ ወርቂትንና ወይዘሮ መስተዋትን በስም እንጥራ። ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የሚወስደው።

አራተኛ፣ ለዚህ ጋዜጣ ስለ አንዲት እናት የሚጽፍ ሰው፣ ሙስሊምም ትሁን ክርስቲያን፣ ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር ከራሷ አንደበት ሰምቶ ይጻፍ።

ይህን ሐሳብ የሚቃወም ካለ፣ ከጎኑ ያለው ባዶ ቦታ ለመልስ የተተወ ነውና ይጻፍብኝ፤ አልቀየምም።

በመጨረሻ ወደ እናቴ ጥያቄ ልመለስ። «እኔ እንደዚያ ነው እንዴ የምናገረው?» ብላኝ ነበር። አይደለም እማዬ፤ አንቺ እንደዚያ አትናገሪም። ሽማግሌዎቹ በመጡ ቀን የተናገርሽውን በሩ ሥር ሆኜ ሰምቼዋለሁ። አንድም ጊዜ አልማልሽም። «ትማር» ብቻ ነው ያልሽው።